የእታለም እንግዳ

ይህን ወግ የምነግራችሁ እታለም ራሷ «ንገሪ» ስላለችኝ ነው። «ስሜን ብቻ ተይው፤ ሌላውን ሁሉ ንገሪ። እኔ ባለማወቅ የተንገላታሁት ይበቃል» አለችኝ ባለፈው እሑድ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ። ቃሌን ጠብቄ ስሟን አልጠራም። ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም ነው የምላት፤ ታላቅ እህቴ ናት፤ እናንተም እታለም በሏት።

እታለም እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት። አዲስ አበባ ውስጥ፣ አምስት አባወራ አንድ ግቢና አንድ ሽንት ቤት በሚጋራበት የቀበሌ ቤት፣ ሠላሳ ዓመት ከምጣድ ሳትለይ ኖራለች። እናታችን ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዝላ ያሳደገችኝ፣ ደብተርና ዩኒፎርም የገዛችልኝ፣ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አክንባሎው ሲነሳ የሚወጣው እንፋሎት ለግቢያችን ሰው ሰዓት ነበር፤ «እታለም ጀምራለች» ተብሎ ከአልጋ ይወረዳል።

ነገሩ የተጀመረው በደም ነው። ሽንት ቤት ገብታ ስትወጣ ደም አየች። «ኪንታሮት ነው» አለች ራሷ። ጎረቤትም «ኪንታሮት ነው» አለ። ክሊኒክ ሄደች፤ የተቀመጠው ሰውዬ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ሳይመረምራት፣ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ቅባት ጻፈላት። ቅባቱ አለቀ፣ ደሙ ቀጠለ። መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሄደች፤ ሥር ተቀምሞ ተሰጣት። ደሙ አንድ ሰሞን ጠፋ ሲል «ተመስገን» ብላ ምጣዷን ትጥዳለች፤ ተመልሶ ሲመጣ ዝም ትላለች። በዚህ መሐል ሌላ ምልክት ተጨመረ። ጨርሳ ወጥታ ያልጨረሰች ይመስላታል፤ ተመልሳ ትገባለች፤ የሚወጣ ነገር የለም። ሰገራዋ እየቀጠነ መጣ። ቀሚሷ ሰፋት። እኔ «ሁዳዴ ነው ያከሳት» አልኩ። ይህን ስናገር እስከ ዛሬ ያመኛል፤ እህቷ ነኝ፣ አጠገቧ ነበርኩ፣ አላየሁም።

ቃሉን እየሸሸሁ ላወጋችሁ እንደማልችል እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ሰገራ እላለሁ፣ ፊንጢጣ እላለሁ። ከመጀመሪያው ደም እስከ ትክክለኛው ምርመራ ዓመት ከአራት ወር የፈጀብን እነዚህን ሁለት ቃላት ከአፋችን ለማውጣት ማፈራችን ነው።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት ዶክተር ጓንት አጥልቃ በጣቷ መረመረቻት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ዶክተሯ ጓንቱን አውልቃ እጇን ስትታጠብ ዝም አለች፤ ዝምታዋን ሳይ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ያለው በየተራው መጣ፤ በካሜራ ታየ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ የፊንጢጣ ካንሰር ሆነ። ኬሞውም ጨረሩም የየራሱ ወግ አለው፣ ዛሬ አልገባበትም።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ ሥዕል ሣለልን። ዕጢው ከፊንጢጣዋ አፍ በጣም ቀርቦ ነበር፤ ቆርጦ መቀጠል አይቻልም። «የታመመውን ከነፊንጢጣው አውጥተን ከታች እንዘጋዋለን» አላት። «የትልቁን አንጀት ጫፍ በግራ በኩል በሆድሽ ላይ እናወጣዋለን። ሰገራሽ በዚያ በኩል ይወጣል፣ የሚለጠፍ ከረጢት ይቀበለዋል። ኮሎስቶሚ ይባላል።»

«እስከ መቼ ነው?» አለች።

«ሁልጊዜ ነው፣ እናቴ።»

ይህን ቀዶ ሕክምና ኧርነስት ማይልስ የሚባል የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1908 ለሙያ ጓደኞቹ ጽፎ አሳወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሰው ተርፎበታል። እታለም ግን ያን ቀን የሰማችው «ሁልጊዜ» የሚለውን ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ አንድም ቃል አልወጣትም። ቤት ስንደርስ «አልሠራም» አለች። «ሰው መካከል በሆዴ ሰገራ ይዤ አልቀመጥም። እንደተፈጠርኩ ልሙት።» ባሏ ለመናት፣ ልጆቿ አለቀሱ፣ እኔ ተቆጣሁ። የምትበገር አልነበረችም።

የመለሳት የማንም ልመና አይደለም። ከሐኪሙ ጋር ትሠራ የነበረች አንዲት ሲስተር «ከመወሰንሽ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነይ» ብላ አስጠራቻት። ሄድን። ሲስተሯ አንድም ነገር አልተከራከረቻትም። «መቀነትሽን እንዴት እንደምትታጠቂ አሳዪኝ» አለቻት። እታለም ግራ ተጋብታ ተነሥታ ታጠቀች። «ተቀመጪ።» ተቀመጠች። «ምጣድ ስታሰፊ እንደምታጎነብሺው አጎንብሺ።» አጎነበሰች። ሲስተሯ ሆዷ ላይ የሚታጠፈውን ቦታ፣ መቀነቱ የሚያርፍበትን መስመር፣ የእምብርቷን አካባቢ ሁሉ በዓይኗ እየለካች ቆየች፤ ከዚያ በእስክሪብቶ ከመቀነቱ ዝቅ ብሎ በስተግራ አንድ ክብ ምልክት አደረገች። «እዚህ ከሆነ ጎንበስ ስትይ ከረጢቱ አይታጠፍም፣ መቀነትሽም አይጫነውም፣ ራስሽም ቁልቁል አይተሽ ልታጸጂው ትችያለሽ» አለቻት።

እታለም ኋላ እንዲህ ብላ ነገረችኝ፦ «እኔ ከፈኔን ሳስብ እሷ መቀነቴን አሰበች። ምጣድ ስታሰፊ ስትለኝ፣ ለካ ይቺ ልጅ ገና እጋግራለሁ ብላ ታምናለች አልኩ።»

በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ተኛች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አራት ቀን ሆዷን አላየችም። ሲስተሯ ልታጸዳላት ስትመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ትጥላለች። እኔ ግን አየሁት። በልቤ የሚያስፈራ ቁስል ጠብቄ ነበር። ያየሁት እርጥብ፣ ቀይ፣ እንደ ከንፈር ውስጠኛ ክፍል የለሰለሰ፣ እንደ ትንሽ ጽጌረዳ እንቡጥ ክብ የሆነ ነገር ነው። ስቶማ ይባላል። ሲስተሯ በእርጥብ ጨርቅ ስታብሰው እታለም አልተሰማትም። «ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ የለውም። ስትነኪው አያምሽም። ስታብሺው ትንሽ ደም ቢያወጣ አትደንግጪ፤ የደም ሥሩ ብዙ ስለሆነ ነው። ቀይ ሆኖ ካየሽው ደኅና ነው። ከጠቆረ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን ነዪ» አለችን።

በአምስተኛው ቀን እታለም ነጠላውን ከዓይኗ አወረደች። ቁልቁል አየች። ረጅም ጊዜ አየችው።

«እንግዳ መጣብኝ» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ እንግዳ ነው። «እንግዳዬ ዛሬ ተቆጥቷል»፣ «እንግዳዬ ተኝቷል» ትላለች። ሲስተሯም ስትመጣ «እንግዳሽ እንዴት አደረ?» ማለት ጀመረች።

ሆስፒታል ውስጥ ሁሉም ነገር ቀላል ነበር። ከባዱ ቤት ነው። ግቢ በገባን በሦስተኛው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ እታለም በሹክሹክታ ጠራችኝ። መብራት ሳበራ ከረጢቱ ለቅቋል። አንሶላው፣ የሌሊት ልብሷ፣ ፍራሹ ሁሉ ነክቶታል። ባሏ፣ ጋሼ የምለው፣ ደንግጦ በሩ ጋ ቆሟል። ውሃ በዚያ ሳምንት አልመጣም ነበር፤ ያለን ሁለት ጄሪካን ነው። ጋሼን «ውጭ ቆይልኝ» አልኩት፤ በሩን ዘጋሁ። እታለም እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ «ገበናዬን አየሽው» ትላለች። «ተይኝ፤ ራሴ አጥበዋለሁ፤ አንቺ አትንኪው።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር አልኳት፤ ብዙ አስቤበት አልነበረም። «እታለም፣ እኔን ማን ነው ያጠበኝ?»

እጇን ከፊቷ አነሳች። ሁለታችንም ከዚያ በኋላ አልተናገርንም። ውሃውን ለብ አደረግሁ፤ አጠብኳት፤ ቆዳዋን በንጹሕ ጨርቅ አደረቅሁ። በዙሪያው ያለው ቆዳ ተልጦ ቀልቶ ነበር። እንግዳውን ስነካው አላመማትም፤ ቆዳዋን ስነካው ግን ጥርሷን ነከሰች። ሰገራ የነካው ቆዳ እንዲህ ይሆናል።

በማግሥቱ ሲስተሯ ስሕተታችንን ነገረችን። ከረጢቱ እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም፤ ሲሦው፣ ቢበዛ ግማሹ ሲሞላ ይደፋል፤ ከሞላ ክብደቱ ማጣበቂያውን ይጎትተዋል። ሁለተኛ፣ የከረጢቱን ቀዳዳ ስንቆርጥ አስፍተነዋል። ከስቶማው ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው መስፋት ያለበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የተራቆተው ቆዳ ይቃጠላል፤ ከጠበበ ደግሞ ስቶማውን ይፈገፍገዋል። ስቶማው ከቀዶ ሕክምና በኋላ አብጦ ስለሚቆይ እስከ ስድስትና ስምንት ሳምንት እየቀነሰ ይሄዳል፤ በየሳምንቱ መለካት ነው። እኔ ከፓስታ ካርቶን ክቦች ቆርጬ መለኪያ ሠራሁ። የመጀመሪያው ሳምንት 42 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በስምንተኛው ሳምንት 31። ያቺን ካርቶን አልጣልኳትም፤ የጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አለች።

አሁን የቀረው ጭንቀት ከረጢቱ ራሱ ነበር። ፋርማሲ ውስጥ አንድ ሳምንት ይገኛል፣ ሦስት ሳምንት ይጠፋል፤ ሲገኝም የአንዱ ዋጋ የእታለምን የአንድ ቀን ትርፍ ይወስዳል። በጠፋበት ሰሞን አሮጌ ነጠላ ቀድደን አጥፈን ጣልንበት፤ ፌስታል በፕላስተር ለጠፍን። ፕላስተሩ ሲነሳ ቆዳውን ይዞ ይነሳል። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ባይኖር ምን እንደምንሆን አላውቅም።

በነዚያ ቀናት ነው የሁለቱን እህቶች ታሪክ ያነበብኩት። ለእታለምም ዕጣን እያጨስኩ አወጋኋት፤ ለእናንተም ላውጋችሁ።

አገሩ ዴንማርክ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1954። ቶራ የምትባል የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ልክ እንደ እታለም አንጀቷ በሆዷ በኩል እንዲወጣ ሆነ። ያኔ እንደ ዛሬው ያለ የሚለጠፍ ከረጢት የለም። ሰው በቀበቶ የሚታሰር የጎማ ከረጢት፣ የብረት ሣህን፣ ጨርቅ ነበር የሚጠቀመው፤ ያፈስሳል፣ ይሸታል። ቶራ ከቤት መውጣት ተወች። ታላላቅ ሐኪሞች ሕይወቷን አትርፈውላት ነበር፤ ሕይወቷ ግን በአራት ግድግዳ ውስጥ ቀረ። እህቷ ኤሊሴ ሶረንሰን ነርስ ነበረች። እህቷ ስትከስምና ስትደበቅ አየች። ቀዳዳው ዙሪያ ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ቀለበት ያለው፣ ተጠቅሞ የሚጣል የፕላስቲክ ከረጢት ቢሠራስ? ብላ አሰበች። ሐሳቧን ይዛ የፕላስቲክ ፋብሪካ ባለቤቶችን ደጅ ጠናች። አልሆነላትም። ኦጌ ሉዊስ-ሃንሰን የሚባለው ባለፋብሪካም «አይሆንም» ብሎ መልሷት ነበር። ሚስቱ ዮሃነ ግን ነርስነት የተማረች ነበረችና፣ ይህ ነገር ለስንት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ገባት፤ ባሏን አሳመነችው። ከረጢቱ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1957 ኮሎፕላስት የሚባለው ኩባንያ በዚሁ ምክንያት ተቋቋመ፤ ዛሬ በመላው ዓለም ይሸጣል።

እታለም እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ። «ያሰበችው እህቷ ናት?» አለች።

«እህቷ ናት።»

«ነፍሷን ይማርልኝ» አለችና እጇን ከረጢቷ ላይ አኖረች።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የማየው አንድ ነገር አለ። ሐኪም አንጀቱን በሆድ ያወጣል፤ ያን ሰው መልሶ ወደ ሰው መካከል የሚያወጣው ግን አጠገቡ ያለ ሰው ነው። ብቻውን ሆኖ የለመደው ሰው አላየሁም።

ወደ ቤታችን ልመለስ። እታለም መብላት አቆመች። ካልበላሁ አይወጣም ብላ ነው። ቁርስ ትዘላለች፣ ለምሳ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ትተዋለች፤ ሰው ሊጠይቃት የሚመጣበት ቀንማ ውሃም አትጠጣም። የሆነው ግን በተቃራኒው ነው። ባዶ አንጀት አየር ይሞላዋል። የዕድር ሴቶች «እግዜር ይማርሽ» ሊሏት ተሰብስበው በተቀመጡበት እንግዳው ድምፅ አሰማ። ማንም ምንም አላለም፤ እሷ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሲመጣ «ተኝታለች በይልኝ» ማለት ጀመረች። ቀን ሙሉ ዕጣን ታጨሳለች። ሽታ ያለባት ይመስላታል። ሽታ አልነበረባትም፤ በደንብ የተለጠፈ ከረጢት አይሸትም፤ ሸተተ ማለት ማጣበቂያው አንድ ቦታ ከፍቷል ማለት ነው።

ክብደቷ እንደገና ሲወርድ ሲስተሯ ተቆጣቻት። «በሰዓቱ ብዪ፣ ጥቂት ጥቂት፣ በደንብ እያላመጥሽ። እንጀራ አትፍሪ፣ ሽሮም አትፍሪ። ባቄላው፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ቀይ ሽንኩርቱ አየር ካበዛብሽ ሰው የምታገኚበት ቀን ተዪው፣ በሌላው ቀን ሞክሪው። እንቁላልና ዓሣ ሽታውን ያጠነክረዋል፤ ይህንን እወቂ እንጂ አትራቢ። ውሃ ጠጪ፤ ድርቀት ለኮሎስቶሚ ጥሩ አይደለም።» እታለም ትንሽ ደብተር ገዛች። መጻፍ ብዙም ስለማይሆንላት ለልጇ እየነገረች ታስጽፋለች፤ ምን በላች፣ ምን ሆነች። በሁለት ወር ውስጥ ሆዷን አወቀችው። ጠዋት ምግብ ሳትቀምስ አንጀቷ ጸጥ ይላል፤ ስለዚህ ከረጢት የምትቀይረው ሁልጊዜ ማለዳ፣ ቡና እንኳ ሳትጠጣ ነው።

ጾምና ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ሸክም ነበር። ከታመመች ወዲህ ከአጥር ውጭ ቆማ ተሳልማ ትመለሳለች። የንስሐ አባቷ ቤት ድረስ መጡ። በር ላይ ይዛቸው፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ እየተጠነቀቀች፣ ሁሉን ነገረቻቸው። መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው «ልጄ፣ ሕመም ርኵሰት አይደለም። ታጥበሽ ነዪ። ጾሙንም ሐኪምሽ እንዳለሽ ነው የምትጾሚው፤ እኔ ኃላፊነቱን ወስጃለሁ» አሏት። ሙስሊሟ ጎረቤታችንም ይህን ስትሰማ፣ የወንድሟ አንጀት እንዲሁ እንደወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችን። እሱ ለእያንዳንዱ ሶላት ጊዜው ሲገባ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ከአቅሙ በላይ የሚወጣው ነገር ሶላቱን አያበላሽበትም። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረን አናውቅም ነበር። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ዘግተን ነበር የተቀመጥነው።

የሚቀጥለውን እንዳልናገር ፈልጌ ነበር፤ «ንገሪ» ያለችኝ እሷ ናት። ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ጋሼ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ነበር የሚተኛው። እታለም አንድም ቀን አልጠየቀችውም፤ ተጸይፎኛል ብላ ደመደመች። ሁለት ወር ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታ አለቀሰች። አንድ ሌሊት ሲያስል ሰምታ «ብርድ ላይ ለምን ትተኛለህ? አልጋው ላይ ውጣ፣ እኔ እወርዳለሁ» አለችው። እሱ ተነሥቶ ተቀመጠ። «ስገላበጥ ክንዴ ቢመታብሽስ ብዬ እኮ ነው» አላት። ቁስሉን ሊጎዳው ፈርቶ ነው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አልጋው ላይ ነው፤ ከረጢቷ የምትገባበት ለስላሳ የጨርቅ ኪስ ሰፍታ በላዩ ታስራለች፤ በስተቀኝ ትተኛለች። በባልና በሚስት መካከል ያለው ነገርም ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሐኪም ይህን አልጠየቃትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ቢጠይቋት ኖሮ የሁለት ወር ለቅሶ ባልኖረ።

በሰባተኛው ወር ምጣድ አሰፋች። የሠላሳ ዓመት ሥራዋን እንደ አዲስ ነው የጀመረችው። በምጣድ ሙቀት ያልባታል፣ ላብ ማጣበቂያውን ያላቅቃል፤ ስለዚህ በጋገረችበት ቀን ከረጢቱ ቶሎ ይለቅቃል፤ ከሆዷና ከከረጢቱ መካከል የጥጥ ጨርቅ ታደርጋለች፣ በየአሥር እንጀራው ተነሥታ አየር ትቀበላለች። የሊጥ ባልዲ አታነሳም፤ ከባድ ነገር ማንሳት በስቶማው ዙሪያ አንጀት እንዲገፋ ያደርጋል ተብላለች፤ ባልዲውን የጎረቤት ልጅ ያነሳላታል። እጇን ትታጠባለች፤ ድሮም እንደምትታጠበው።

ወሬው ግን ከእሷ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ነበር። ከሃያ ሁለት ደንበኞቿ ስምንቱ ቀሩ። አንዷ «ለልጆቼ ፈርቼ ነው» ብላ በሰው ላከችባት። የእታለም እንጀራ ላይ ምንም የሚደርስ ነገር የለም፤ የከረጢት ማጣበቂያ ከማናችንም ሱሪ በላይ ይዘጋል። ስምንቱ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። እታለምም አላስለመነችም። በምትካቸው ሌሎች መጥተዋል።

ታክሲ ስትሳፈር የምትይዛት ትንሽ ቦርሳ አለች። በውስጧ ቀዳዳቸው አስቀድሞ የተቆረጠ ሁለት ከረጢት፣ ውሃ የሞላ ሃይላንድ፣ ሶፍት፣ ትንሽ ሳሙና፣ ጥቁር ፌስታል። ይህቺ ቦርሳ ካለች ለቅሶ ትደርሳለች፣ ሠርግ ትሄዳለች፤ ባለፈው ጥር ለጥምቀት ጃንሜዳ ሄዳ ውላ መጥታለች።

አሁን ወደ መጨረሻው ልድረስ። ለክትትል ሆስፒታል ተቀጥራ በሄድንበት ቀን፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ እግር እናት አጠገባችን ተቀመጠች። ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አዝላለች። ልጁ ያለ ፊንጢጣ የተወለደ ነው። እንዲህ ያለ ልደት ከአምስት ሺህ ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይደርሳል፤ ብዙውን ጊዜ በተወለደ በቀናት ውስጥ አንጀቱን በሆዱ ያወጡለታል፣ ኋላ በትክክለኛው ቦታ ፊንጢጣ ይሠሩለታል፣ ከዚያ በሆዱ ያለው ይዘጋል። ይህ ሕክምና ረጅም ዕድሜ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1793 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ብሬስት በምትባል የወደብ ከተማ፣ ዱሬ የተባለ ሐኪም በተወለደ በሦስተኛ ቀኑ አንጀቱን በግራ ሆዱ ያወጣለት ሕፃን አርባ አምስት ዓመት ኖሯል። የዚህች እናት ልጅ ደግሞ ሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና ተራ እየጠበቀ ነው። ከረጢት አይታ አታውቅም። ሆዱን የምትጠቀልልለት በነጠላ ቅዳጅ ነው። ስትፈታው አየሁ፤ ቆዳው እንደ ተገሸለጠ ሥጋ ነበር።

«ያንቺም ይዘጋል?» አለቻት እታለምን።

«የኔ አይዘጋም።»

«የልጄ ይዘጋል ብለውኛል።»

«ይዘጋል» አለች እታለም። ቦርሳዋን ከፈተች። ከያዘቻቸው ከረጢቶች አንዱን አወጣች፤ የተቆረጠው ቀዳዳ ለሕፃኑ ሰፋ። ያልተቆረጠ አንድ ትርፍ ነበራት፤ ከሲስተሯ መቀስ ተበደረች፤ የልጁን ለክታ በትንሹ ቆረጠች፤ ዙሪያውን ለሆዱ እንዲሆን አሳጠረችው። ቆዳውን በውሃ ብቻ አጠበች፣ እንዲደርቅ እፍ አለችበት፣ ለጠፈችው፣ እንዲይዝ መዳፏን እስኪሞቅ ድረስ አሳረፈችበት። ልጁ የነጠላዋን ጥለት ይዞ ይጎትታል። ከዚያ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ የራሷን ለእናቲቱ አሳየቻት። አራት ቀን ራሷ ለማየት የፈራችውን፣ ኮሪደር ላይ፣ ለማታውቃት ሴት። «እዪው» አለቻት። «እንግዳ ነው። ይለመዳል።»

እኔ ከነርስ ኤሊሴ ቀጥሎ ያነበብኩት ስለ አንዲት አሜሪካዊት ነበር፤ ኖርማ ጊል ትባላለች። እሷም እንደ እታለም ሆዷ ላይ ስቶማ ነበራት። ክሊቭላንድ ክሊኒክ ውስጥ ሩፐርት ተርንቡል የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1958 ሌሎች ታካሚዎችን እንድታስተምር ቀጠራት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱ የዚህን ሙያ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ታካሚ ሆና መጥታ አስተማሪ ሆነች ማለት ነው። እታለም ትምህርት ቤት አልከፈተችም። ግን አሁን ሐሙስ ሐሙስ አትጋግርም። ሐሙስ ዋርድ ትሄዳለች፤ ሲስተሯ «ይቺ አላይም ብላለች» ስትላት አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች።

እዚህ ላይ ወደ እናንተ እዞራለሁ። ደም ያያችሁ፣ ኪንታሮት ነው ብላችሁ በግምት አትቀመጡ፤ ሐኪሙ ሳይመረምራችሁ ቅባት ቢጽፍላችሁ «መርምረኝ» በሉት። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤል፣ በዓረብ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ዘንድ የተረፈ፣ ያልተከፈተ የኮሎስቶሚ ከረጢት ሊኖር ይችላል፤ ሰው ይድናል፣ ይዘጋለታል፣ ወይም ያርፋል፤ ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እንግሊዝ አገር ቋሚ ስቶማ ያለው ሰው ያለ ክፍያ ነው የሚወስደው። ለዕረፍት ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ አስገቡት፤ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ወስዳችሁ ለዋርዱ ነርሶች ስጡ። ቀዳዳው ያልተቆረጠ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው፤ በልክ ተቆርጦ ለሕፃንም ይሆናል።